ዜሮ፣ ከነምክንያቱ

ከወሽመጡ ማዶ የተነሣ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲገርፍ አደረ፤
በፑንታ አሬናስ ሰው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይራመዳል ከነፋስ ጋር እየተማከረ።
ኤላዲዮ ካርካሞ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ከበሩ ሥር ቆሟል፤
ኮፍያውን አውልቆ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ በእጁ ጠምዝዟል።

ከቤተሰብ ችሎት የመጣው ደብዳቤ አንዲት መሥመር ናት፦
«ለስድስት ዓመቷ ለማይቴን፣ ይህ ሰው ብቁ ነው ወይ ሊሆናት አባት?»

«የምትነግረኝ ሁሉ» አልኩት፣ «ለዳኛዋ ይደርሳል።»
«ባሕርም ምሥጢር አያውቅ» አለኝ፣ «የሰጠመውን ይተፋል።»
ፈረመ።

ሲቀመጥ ሸተተኝ፤ ከሹራቡ ክር ውስጥ አልለቅ ያለ ናፍጣ።
እንዲህ ነበር የሚሸት አባቴ፣ ጠጥቶ ሲመጣ።
እርሳሴ በእጄ ውስጥ ሳላዘው ከበደ፤
ሰውየው ገና ሳይናገር፣ አንድ ነገር በውስጤ ፈረደ።

ሰዓቱን ተጫንኩት። ቁጥር ወደ ፊቱ፣ ቁጥር ወደ ኋላ፤
ኩቦቹን ሲገጥም ጣቱ የረጋ ነው፣ የተበጠሰ መረብ ጠግኖ የበላ።
ከዚያ ጥያቄ ዐሥራ አንድ፦
«የጎረቤት በር ተቆልፎ፣ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ብትሰማ
ምን ታደርጋለህ?»
ዝም አለ። መስኮቱን አየ።
«እኛ ደሴት» አለ፣ «በር አይቆለፍማ።»

መመሪያው ግልጽ ነው፤ ገጽ መቶ አራት። ነጥብ፦ ዜሮ።
መመሪያው የተጻፈው ሳንቲያጎ ነው፤ በር ሦስት ቁልፍ ባለው አገር፣ ሰው በሚኖርበት ታጥሮ።

ያኔ አዘንኩለት። ማዘኔም አስፈራኝ፣ ከጥላቻዬ በልጦ፤
አንድ ነጥብ ሊሰጠው እርሳሴ ጎተተኝ፣ ከመሥመሩ አምልጦ።
ለናፍጣው ቀንሼ፣ ለደሴቱ ጨምሬ፣ ላቻችለው?
ሁለት ሐሰት ተደምሮ እውነት የሚወጣው
በየትኛው ስሌት ነው?

ጣቱን ሚዛኑ ላይ ያሳረፈ ነጋዴ፣ ለድሃ ቢያደላም ሰርቋል፤
የምጽፈው ቃል ሁሉ፣ እዚህ ከሌለች ሕፃን ትራስ ሥር ያድራል።

ዜሮ ጻፍኩ።
ከዜሮው ሥር ግን፦ «መልሱ የደሴቱ ነው፤ መለኪያው ደሴቱን አያውቅም።
ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።»
«ቀዝቃዛ ሰው፤ ዓይን ይሸሻል» ብዬ የጀመርኩትን ሰረዝኩ፤
ያየሁትን ብቻ፣ «ሲያስብ መስኮቱን ያያል» ብዬ መዘገብኩ።

ለቬስናም ደወልኩ፦ «ስሙን ሸፍኜ ልላክልሽ። አንቺ ናፍጣው አይሸትሽም፤
ከመጀመሪያው ቁጠሪው። የእኔን ድምር አላሳይሽም።»
ስለ አባቴ አልነገርኳትም ነበር። ነገርኳት።
ረጅም ዝም አለች፤ ከዚያ «ላኪው» አለች።

ሲሄድ «ትመጣለች?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።
ሲወጣ በሩን አልዘጋውም።
ነፋሱ ገባ፤ ወረቀቶቼን በወለሉ ላይ በተናቸው።
ተንበርክኬ እየለቀምኩ፣ የተከፈተውን በር አየሁ፤
ይህስ ይጻፋል? ቢጻፍስ፣
በየትኛው ሳጥን ውስጥ ነው?