ነጠላ ሰረዝ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከጫማ ሰፊው በላይ፣
ዝናብ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ፣ ጦሳ በጉም ሳይታይ፣
ዘምዘም ይመር መጣች፣ በፌስታል ጠቅልላ
አንዲት ሃርድ ዲስክ ይዛ፣ ወንድሟን ያህል አዝላ።

«ማሽኑ በጦርነቱ ሄዷል፣ በሰው ትከሻ ተጭኖ፤
ይህ ብቻ ነው የተረፈ፣ ጤፍ ጎታ ውስጥ ተደፍኖ።
ኑሩ ቆዳ ይሰበስብ ነበር፣ ከከሚሴ እስከ ወረባቦ፤
ሰዎቹን ያኖረ እዚህ ነው፣ በኢሜይሉ ደብተር ሰብስቦ።
እናቴ ዕዳውን ልትከፍል ነው፤ ለማን እንደሆነ አታውቅም።
ወረቀት ላይ አውጣልኝ፤ ባለዕዳን መቃብር አይመቸውም።»

ፕሮግራሙ ያረጀ፣ ሠሪዎቹም የተዉት፣
ብከፍተው ሳጥን፣ ሳጥን፣ ጥያቄ ምልክት።
ፎንቱ የድሮ ነው፤ «ሀ»ን በሌላ ቁጥር የሚጠራ፣
ሠንጠረዥ ዘርግቼ አመሸሁ፣ ፊደል በፊደል ቆጠራ፤
በሦስተኛው ሌሊት «ሐሊማ» የሚል ብቅ አለ፣
ከወንዝ እንደወጣ ሰው፣ ፀጉሩ ርሶ እያለ።

በነጠላ ሰረዝ ለይተህ አውጣው ብዬ አዘዝሁት።
ፕሮግራሙ የተሠራው ግን የቤተሰብ ስም ላለው አገር ነው፤
የኛን ሰው የአባቱን ስም ከፊት ያቆምበታል።
ይመር አሊ የነበረው «አሊ፣ ይመር» ተባለና
መቶ አርባ አባት በአንድ ሌሊት የልጁ ልጅ ሆኖ አደረ።

መለስኋቸው፣ አንድ በአንድ። ማስታወሻው ግን ባሰ፦
ኑሩ ሰረዝ ይወዳል፤ በሰረዙ ሁሉ ዓምድ ፈረሰ፣
ስድስት ሌጦ ስልክ ቁጥር ሆነ፣ ሐርቡ የሰው ስም፤
በትምህርተ ጥቅስ ካላጠርሁት ዕዳው በቦታው አይቆም።

ከዚያ ተነበበ።
«ሐሊማ፣ ሐርቡ፣ ስድስት የበግ ሌጦ፣ በቃል።»
«መሪጌታ ጥሩነህ፣ ኩታበር፣ ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ፣ ዋጋ አይጠየቅም።»
«አንሻ፣ ባቲ፣ ሦስት መቶ ብር፣ ዓርብ ቀትር ላይ አይደወልም።»
«አባዬ» ይላል አንዱ። በኢሜይሉ ቦታ፦
«ከደጋን መስጊድ በታች፣ ከሾላው ጥግ፣ ሁለተኛው መቃብር።»
ፕሮግራሙ ቀይ አበራ፦ የተሳሳተ አድራሻ።
እኔ አሳለፍሁት። ደህና አድራሻ ነው።

ወደ መጨረሻው ገደማ የራሴን ሱቅ አገኘሁ፦
«ሰኞ ገበያ፣ ጥገና፣ የኪቦርድ ሰማንያ ብር፣ ሳልሰጠው።»
እኔም ረስቼዋለሁ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ቆየ።
ልሰርዘው አልሁ፤ ግን የኑሩ ፀባይ
ሰረዝ እንጂ ስረዛ አልነበረም። ተውሁት።

ሰባት ገጽ ወጣ። ሐሙስ ዘምዘም ተመለሰች፦
«እናቴ የምታነብ በዐጀም ነው፤ ይህን ፊደል አታውቀውም።
ላንብብልሽ ብላት፣ የልጄን ዕዳ በሰው ዓይን አላይም አለች።»

ማሽኔ ዓረብኛ አያጣም፤ ለ«ጨ» እና ለ«ጰ» የሚደረደር
የወሎ ሼሆች ነጥብ ግን የለውም፣ ቢፈተሽ ቢበረበር።
ስለዚህ ገራዶ ወረድሁ። ሼህ ሙዘይን መቃቸውን ቀርጸው
ከቀኝ ጀመሩ፣ አማርኛውን እንዳለ፣ የመካ ልብስ አልብሰው።
ሰረዝ አልጻፉም። በስምና በስም መሀል
ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ «ቢስሚላህ» የሚያህል።
አባዬ ጋ ሲደርሱ ቀና አሉ፤ ምንም አልጠየቁኝ።
ጻፉት።

ከወር በኋላ በዘምዘም እጅ ሰማንያ ብር ደረሰኝ፣
በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልላ። ወረቀቷ ላይ
ከቀኝ ወደ ግራ አንዲት መስመር፣ የእናቲቱ እጅ፣ ጠማማ።
አላነበውም። የምቀይርበት ፕሮግራም የለኝም።
ኪሴ ውስጥ ናት። ሼሁንም እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።