የሰኔ ሠላሳ ጭነት

ከብድርና ቁጠባው ሕንፃ ምድር ቤት፣
የጮቄ ብርድ ታስሮ በሚያድርበት፣
ትልቁ ኮምፒውተር ቆሟል እንደ ካዝና፤
ሰኔ ሠላሳ ነው፣ ማርቆስ አላባራም ገና።

ጠዋት ደኅና ነበር፤ ከሞጣ፣ ከሉማሜ
ይመጣል ጥያቄ፣ ሽርፍራፊ ሰከንድ ዕድሜ፤
የጡረተኛ ብር፣ የመምህር ደሞዝ፣
የማዳበሪያ ብድር፣ ሁሉም ቀላል ጓዝ።
ሺህ ሰው ቢጠይቀው ላንዱም አያዛጋ፣
ለሁሉም በየተራ እጁን ሲዘረጋ።

ከቀትር በኋላ አቶ ይርሳው ወረዱ፤
«የዐሥር ዓመት ብድር ይደመር ከነወለዱ፣
በወረዳ፣ በቀበሌ፣ በጾታ ተለይቶ፤
ለክልል ይላካል፣ ሳይነጋ ተሠርቶ።»

ጫንሁት።
መስመሩ ወጣ፤ ዘጠና፣ ዘጠና ስምንት፣
ሞጣ ቆመ፣ ሉማሜ ቆመ፣ ከደጀን ጩኸት።
ከማኅደረ ትውስታው ገጽ ይወጣል፣ ገጽ ይገባል፣
ከመሥራቱ ይልቅ ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል።
ሪፖርቱ፣ ዐሥር ኩንታል ይዞ ወፍጮ ቤት እንደገባ ሰው፣
ቁና የያዘውን ሰልፍ ከደጅ አስቆመው።

ስልኩ ጮኸ። አንጓች ናት፣ ከደጀን ቅርንጫፍ፤
«ምነው ተኛ ማሽንህ? ሰው ቆሟል እስከ አስፋልቱ ጫፍ፤
አንድ አባት አሉ፣ በሬ ሊገዙ፣ ገበያው ሊፈታ፤
ገንዘባቸው አንተ ዘንድ፣ እሳቸው በዝናብ፣ እስከ ማታ?»

አቶ ይርሳው ሳቁ፤ «አርጅቷል ይኼ ብረት፤
አዲስ መግዛት ነው፣ እጥፍ ጉልበት ያለበት።»
ዝም አልሁ።
ካቻምናም እኮ እጥፍ ገዝተን ነበረ፤
ጉልበቱ ሲጨምር ትእዛዙም ጨመረ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሌሊት አብሬው ስነቃ
አንድ ነገር ለመድሁ፣ ለእኔም እሱ በቃ፤
ብረቱ በራሱ ፈጣን አይደል፣ አይደል ሰነፍ፤
የጫኑበት ነው በፊቱ ላይ የሚጻፍ።

ሪፖርቱን አወረድሁት፣ ማንንም ሳልጠይቅ፤
በየወረዳ ከፍዬው፣ ቀስ እያለ ሌሊቱን እንዲዘልቅ።
መስመሩ ወረደ፤ ሰባ፣ ስልሳ፣ አርባ ስምንት፤
አለፈ ከፊቴ፣ ከደጀን፣ የአንድ በሬ ዋጋ በቅጽበት።
ባለቤቱን አላውቃቸውም፤ ቁጥር ብቻ አየሁ፣
ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ለቁጥሩ እጅ ነሣሁ።

ጠዋት ሪፖርቱን አገኙት ጠረጴዛቸው ላይ፤
«አየኸው? ሲጫን ይችላል። የሃያ ዓመቱንስ እንይ?»

ሐምሌ አንድ።
ስልኩ ጮኸ።