ፈልግና ተካ

ጥር ነው፣ ሳስካቱን፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
መኪናዬ እንዳትደርቅ ተሰክታለች ከመብራት።
እኔ ኮሌጁ ምድር ቤት፣ ከማታ ተማሪ ጋራ፣
ቀን የሆቴል አንሶላ፣ ማታ የድርብ ሰረዝ ሥራ።
የሲ ቋንቋ ካለ እሱ አንዲት መስመር አይዘጋም፤
ብትረሺው ይጮኻል፤ ይቅርታም አያደርግም።

የእድራችን ሊቀ መንበር፣ አቶ ጥላዬ ደወሉ፦
«ደንቡ ይታደስ ተብሏል፤ ተስማምቷል አባል ሁሉ።
‹ባል› የሚለው ይውጣና ‹የትዳር ጓደኛ› ይተካ፤
ሚስት የሞተችበት ወንድ ሐዘንተኛ አልነበረም ለካ!
አርባ ገጽ ነው፤ በእጅ ከሆነ ለፋሲካም አይደርስ።»
«ግድ የለም፣» አልኳቸው፤ «ፕሮግራም ልጻፍ፣ እሱ ይጨርስ።»

መጀመሪያ እዚያው ፋይል ላይ ልጽፍበት ብዬ ነበር።
‹ባል› ስድስት ባይት ነው፣ ጠባብ፣ የአንድ ሰው ወንበር፤
ተተኪው ሃያ ሁለት፤ ወንበሩን አልፎ ተቀምጦ
የጎረቤቱን ቃል በላ፣ አንቀጽ ሰባትን ቆርጦ።

መምህር ኦሌክሳ አዩና መነጽራቸውን አነሡ፦
«እንግዳ ሲበዛ ግድግዳ አይገፋም፤ ሌላ ቤት ቀልሱ!
ከአንዱ አንብቢ፣ ወደ ሌላው ጻፊ፣ መስመር በመስመር፤
ሲያልቅ አዲሱን በአሮጌው ስም ጥሪው፤ ይኸው ነው ምሥጢር።
ደግሞ ከቃል ሁሉ ጫፍ ለዜሮዋ ቦታ ተዪ፤
አትታይም፤ ግን ከሌለች ቃሉ መቆሚያ የለውም፣ እዪ።»

ሠራሁ። ኮምፓይለሩ ሁለቴ ተቆጣ፤ ሦስተኛው ላይ ዝም አለ።
አስኬድኩት፤ አርባው ገጽ በዓይን ጥቅሻ ያለቀ መሰለ።
ከፍቼ ሳነብ፦
«ማንኛውም አየትዳር ጓደኛ በየወሩ ይከፍላል።»
አባል ነበር እኮ! ለካ በሆዱ ባል ይዟል።
ንብረት ዝርዝሩ ላይ፦
«ሦስት ድንኳን፣ ሰማንያ ወንበር፣ ሁለት የትዳር ጓደኛዲ።»
ባልዲዎቻችን!
ባልቴቷም፣ ሐዘኗ ሳያንሳት፣ «የትዳር ጓደኛቴት» ሆና፣
ሳቅኩ፤ ፊሊፒንሱ ሮሜል ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ቀና።

ወሰን አበጀሁ፦ ከፊት ከኋላው ፊደል ካለ እለፍ፤
‹የ› ‹ለ› ‹ከ› ግን ዘመድ ናቸው፣ ከፊት ቢቆሙም ጻፍ።
አሁን አባሉ አባል፣ ባልዲው ባልዲ፣ ባልቴቷም እንደነበረች፤
«ሠላሳ ስምንት ተተካ» የምትል ቁጥር ወጣች።

ግን ወደ ታች ስወርድ፣ የኅዳሩ ቃለ ጉባኤ ግርጌ፣
የራሴ ማመልከቻ አለ፤ እኔው የጻፍኩት በእጄ፦
«ባሌ ስላረፈ…»
ያ መስመር አልተነካም። ፈላጊው በላዩ አልፏል፤
‹ል› አይደለማ፣ ‹ሌ› ነው፤ በአንድ ቁጥር ይለያል፣
በሦስተኛዋ ባይት፣ በአንዲት።
የእኔ ሲሆን ፊደሉ ይዞራል። ማሽኑ ባል ፍለጋ ገብቶ
ባሌን ሳያገኝ ወጣ፣ ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ።

‹ባሏ›ን ጨመርኩበት፤ ደንብ ነውና ይካተት።
‹ባሌ›ን ግን፣ አላውቅም፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየና ተውኩት።

ደንቡን ያኔ የተየበው እሱ ነው፣ አንዳርጌ፤
በመኪና ታይፕ ዘመን የለመደው እጅ፣
ከአራት ነጥብ በኋላ ክፍት ቦታ ሁለቴ ይመታ ነበር።
ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! ፕሮግራሜ ግን አንዷን ሳያጎድል
ሁሉንም ባዶ ቦታ ቆጥሮ ወደ አዲሱ ፋይል አሻገረ።

አሮጌውን የሚያጠፋው መስመር ፊት ሁለት ዘንግ አቆምኩበት፤
እንዲዘለል። ይቆይ። ቦታ አልጠበበን።

ደወልኩ።
«አለቀ፣ ጋሼ። ባልዲዎቹም ተርፈዋል።»
ዝም አሉ ትንሽ።
«ባልዲዎቹ ምን ሆነው ነበር?»