የግራ ጆሮ

ሦስት ሳምንት ሆነው ግራ ጆሮዬ ላይ ሽንብራ ሲቆላ፣
ቀኙ እያዜመልኝ፣ ግራው እየተንጣጣ ዜማውን ሲበላ።
የማጉያውን ክዳን በቢላ ጫፍ ፈታሁ፤
ሁለቱን ቫልቮች ጎን ለጎን አየሁ።
የቀኙ ደኅና ነው፣ ክሩ የፍም ቀለም፤
የግራው እንደ አዛውንት ዐይን፣ ጨለም፣ ፈካ፣ ጨለም።

እሑድ ሊነጋ ሲል ትራሜን አስረክቤ፣
ሰባት ሺህ ፎሪንት ከጓንቴ ሸጉጬ፣ ከነእንቅልፌ ከነረኀቤ፣
ቡዳፔስት ጫፍ ላይ፣ አሮጌ ዕቃ ተራ ወረድኩ።
በሩን ያጣ ቁልፍ፣ አንድ እግር ጫማ፣
ስሟ የማይታወቅ ሙሽራ በፍሬም፣ ጭቃ ላይ ተጋድማ።

ሽማግሌው ቬንዴል በእንቁላል ካርቶን ቫልቭ ደርድሮበት፣
ውርጭ እንዳይመታቸው የሚስቱን ሻርፕ ጥሎበት፣
እንደ ዶሮ ታቅፎ ተቀምጧል።
«ይኼኛው ስንት ነው?»
«እሱን እንኳ ተዪው፤ እግሩ ወርቅ ጠጥቷል።
ሠላሳ ስምንት ሺህ። ወንድሙን ትናንት አንድ ጥርስ ሐኪም ወስዶታል፤
ሊሰማበት መሰለሽ? ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ቆልፎበታል።
ይልቅ ይኼን እዪው፤ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ፣
በስሙ አንዲት ፊደል ከዘመዱ ተለይቶ፣ ድሃ ሆኖ ያረጀ።
ያው ፍርግርግ፣ ያው ክር፣ ያው ባዶ።
ሰባት ቮልት ለምዷል፤ ያንቺ ማጉያ ስድስት ከምናምን ቢሰጠው
ትንሽ ይበርደዋል እንጂ መዝፈኑን አይተው።»

ወርቁ ለባለወርቅ! ለኔስ ሰሙ በቃኝ፤
ፍቺውን ጆሮዬ ሲደርስበት ይንገረኝ።

አንዱን ሳነሣ እጄን ያዘኝ፤ አናቱ ወተት መስሏል።
«ብሩ ከነጣ አየር ገብቶታል።
ምን የምትገዢ ይመስልሻል? ብርጭቆ? ብረት? አይደለም፤
የምትገዢው ባዶነት ነው፤ ባዶው የሞላ ዕለት ዋጋ የለውም።
ጽሑፉንም በጣትሽ አትሺው፤ ስሙ ላብ አይችልም።»

በመሞከሪያ ሣጥኑ፣ መርፌዋ እየተንቀጠቀጠች፣
አሥራ አንዱን መዘነ። ሁለቱ ላይ ብቻ አንድ ቦታ ቆመች።
የፈለግኩት አንድ ነበር። «ቫልቭ እንደ በሬ ነው፣» አለ፣
«አቻውን ካላገኘ ፈሩ ይጣመማል።»
ተከራከርን። ስድስት ሺህ አራት መቶ ለጥማዱ፤
የቀረኝ ስድስት መቶ ለሻይ፣ እግሬ ለመንገዱ።

አራተኛ ፎቅ። ግድግዳው የሲጋራ ወረቀት ነው፤
ከወዲያ ጌርዦን ይተኛል፣ ለዚህ ነው ጆሮዬን የምሸፍነው።
ሰካኋቸው። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣
ሁለት ብርቱካናማ ነጥብ ብርጭቆው ውስጥ እስኪበስል።
ከዚያ ሸክላውን አስቀመጥኩ፦
የትራም ሠራተኞች መዘምራን፣ የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት፤
አርባ ሁለት ሰው፤ እኔ ሦስተኛ ረድፍ፣ ከግራ ጥግ፣ በውሰት ቀሚስ።
ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ድምፄን ግን አግኝቼው አላውቅም፤
ጠብታ ነው ከወንዝ፣ ወንዝ ደግሞ ጠብታ አይቆጥርም።

ሽንብራው የለም።
ጸጥታው ሰፊ ነው፤ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል፣
አንዷ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ወረቀት ይገለበጣል።
ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ የመሪያችን የኤተልካ እጅ ገና ሳይወርድ፣
አንዲት ልጅ ከግራ ጥግ፣ ግማሽ ምት ቀድማ፣
ብቻዋን ዘላ ገባች።

እኔ ነኝ!
ያን ማታ መጸዳጃ ቤት ተቆልፌ ያለቀስኩበት ስሕተት፣
ከአርባ አንዱ ለይቶ መሰከረልኝ።
ሳቅኩ። ጆሮዬ እንደታፈነ፣ ምን ያህል እንደጮኽኩ ሳላውቅ።
ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተደበደበ።

መርፌውን አነሣሁና
መልሼ አስቀመጥኩት፣ እዚያው ስንኝ ላይ።