በር አለው?

ዱሉት፣ በጥር ወር፤ በረዶው መስኮቱን እስከ ወገብ ውጦ፣
ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከማሞቂያው ጎን፣ ስድስት ሰው ተቀምጦ፣
የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፎ፣
መዝገበ ቃላት ኮረብታ ሆኖ ከሥሩ ተደግፎ፣
አውራ ጣት የማያህል የእርሳስ ወታደር ተሰልፎ።

ዳኛው ቨርነር ነው። ቀን ፖስታ ቤት ማኅተም ይመታል፤
ማታ በማስመሪያ የመድፍ ርቀት ይለካል።

ይህ ጨዋታ ጥንት የመኮንን ነበር፤ በጀርመን አገር፣
በአሸዋ ገበታ፣ በልዑላን ፊት የሚዘረጋ ምሥጢር፤
ጦር ሳይነሣ ጦርን መማሪያ።
ዛሬ የፖስተኛና የዳቦ ጋጋሪ የቅዳሜ መዋያ።

ያን ምሽት የኤሞሪ ሻለቃ ጦር ድልድዩ ላይ አለቀ።
ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ደም መሰለ፤ አንገቱ ወደቀ።
የተረፈው አንድ ከበሮ መቺ፣
እግሩ ተሰብሮ በሙጫ የተጣበቀ።

ሌላ ዳኛ ቢሆን፣ «በቃህ፣ ተነሥ» ነበር የሚለው።
ቨርነር ግን ማስመሪያውን አስቀምጦ ተመለከተው፦
«ጦሩን ተወው። አንተ ይሄ ከበሮ መቺ ብትሆን፣
ምን ታደርጋለህ አሁን?»

ዝም። ማሞቂያው ብቻ አጉረመረመ።
ልጁ ጥፍሩን ቆረጠመ።
«ከበሮዬን እጥላለሁ። ወደ ወፍጮ ቤቱ እሮጣለሁ፤
አይ፣ በዚህ እግሬ አልሮጥም፤ እድሃለሁ።
ወፍጮ ቤቱ... በር አለው?»

ወፍጮ ቤቱ ካርቶን ነው፤ ቡናማ የተቀባ፣
ሰው የማይወጣ፣ ሰው የማይገባ።
ዳይሷ ተንከባለለች፤ ኮረብታውን ዞራ
አምስት ላይ ቆመች።
«አለው» አለ ቨርነር፤ «ከውስጥ መብራት በራ።»

ሁሉም አጎነበሱ። ጄኔራሎቹ ጦራቸውን ረሱ፤
ፈረሰኛው እንደ ቆመ ቀረ፣ መድፎቹም ሳይተኩሱ።
ከፎቅ «እራት ቀርቧል» የሚል ድምፅ መጣ፤ ማንም አልመለሰለት።
አንድ የእርሳስ ልጅ፣ ባንድ እግሩ፣ ያንኳኳል።
ማን ይሆን የሚከፍትለት?