ነፋስ የገፋኝ በር

ሦስት ዓመት ሙሉ በበሩ አልፌያለሁ፤
ቁልፍ መቅረጫ ነው ብዬ ንቄ ትቼዋለሁ።
ሳን ጃኮሞ ሰፈር፣ ትሪየስቴ፣ ዳገት፣
ዐሥር ቁጥር አውቶቡስ ሳያመልጠኝ በፊት
ማን ቀና ብሎ ያያል የጎረቤት መስኮት?

በጥር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቦራ ተነሣ፤
ያ ነፋስ ሲመጣ አይለይም ሰው ከእንስሳ።
የቆሻሻ ገንዳው በጎማው ሲጋልብ፣
ጃንጥላዬ ዞሮ እንደ ሌሊት ወፍ ሲርገበገብ፣
አንዲት መነኩሲት የመብራት ምሰሶ አቅፋ
ጸሎት ይሁን ስድብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣
እኔን ጀርባዬን ገፋኝ፤
በሩ ዋጠኝ።
ጭጭ።

ውስጡ ከአውቶቡሱ አይሰፋም።
አራት ጠረጴዛ፤ የአንዱ እግር አጥሮ
በታጠፈ ካርቶን የቆመ ተደግፎ።
ማሽኑ፣ ሳል እንደ ጀመረው አዛውንት፣
ጉሮሮውን ይጠራርጋል ከባንኮኒው ጥግ።

«ማኪያቶ» አልኩ፣ ኩራት ቢጤ ይዞኝ፣
ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በልጅነት አፌ የፈታሁት ቃል
እዚህም ድረስ የሸኘኝ መስሎኝ።
ኒቬስ ሳቀች። «እሱ ሚላኖ ነው።
እዚህ ካፖ ነው የሚባለው፤
በብርጭቆ ከሆነ፣ ካፖ ኢን ቢ።»
የኔ ነው ያልኩትን ቃል ለነሱ ስለቅ
እነሱም ቤት የለም!
ለካስ ቃልም ቤት ይከራያል።

ጠጣሁት።
የሕፃን ጡጫ የምታህል ብርጭቆ፤
ሥሯ ጥቁር፣ አናቷ ነጭ፣ ወገቧ የማር ወለላ፤
ምሬቱ መጣ፣ አረፍ አለ፣
ይቅርታም ሳይል ተመለሰ ወደ ኋላ።

በማግስቱ ሄድኩ። በሠልስቱም።
ሲኞር ዱሻን የሙታን ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ያነባል፤
«ይኼ ከኔ ታናሽ» ይላል፣ ገጹን ይገልጣል።
ፒፖ፣ ቢጫው ውሻ፣ ከጠረጴዛ ሥር
ጆሮውን እንደ ምንጣፍ ዘርግቶ ያንኮራፋል።
ስሜን የጠየቀኝ የለም።
ከየት እንደ መጣሁም።
ለዚህ ብቻ ጉርሻ ትቼ ወጣሁ።

የካቲት ላይ ትኩሳት ጣለኝ፤ ሁለት ቀን ቀረሁ።
በሦስተኛው፣ ከነሳሌ፣ ገባሁ።
ኒቬስ ብርጭቆ ትወለውላለች፤ ቀና እንኳ ሳትል፣
«ትናንትም ከትናንት ወዲያም
ወንበርህን ውሻው ወሰደብህ» አለች።

ወንበርህን።

ፒፖ ከላዩ ሆኖ አንድ ዐይኑን ገለጠ፤
አየኝ፤
አልወረደም።
ባንኮኒው ጋ ቆሜ ጠጣሁ፣
ባለ ወንበር ሆኜ።