ጠብ

ፒሬየስ ወደብ ላይ፣ አራተኛው ፎቅ፣
ስታማቲስ አለ፣ ከመርከብ ሞተር በቀር እርሻ የማያውቅ።
ጡረታ ሲወጣ በረንዳውን ሞላው በባዶ የአይብ ቆርቆሮ፣
ታቹን በምስማር በስቶ፣ ዙሪያውን በኖራ ቀብቶ አሳምሮ።
አንዱ ላይ ቲማቲም፣ ሌላው ላይ በሶብላ፤
በሹካ ይኮተኩታል፣ ምሳ ሳይበላ።

ማታ ሲያጠጣቸው ውሃው ጠብ ይላል ወደ ታች፤
ፖሊክሴኒ ደግሞ ነጭ አንሶላ አስጥታለች።
«ጭቃህን ሰብስብ! አንተ ሽማግሌ!»
«ዝናብ ነው» ይላታል።
ዝናብ! በሐምሌ!
እዚያ አገር ሐምሌ ሰማዩ ነሐስ ነው፣ ይነዳል ቀኑ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብ ባለ ቁጥር ጠብ፣
እንዲህ ጎረቤት ሆኑ።

አንድ ሳምንት ግን አንሶላዋ ነጣ።
ቀና ብላ አየች። ጠብ የለም። ስድቡም ከአፏ ሳይወጣ
ቀረ።
ደረጃውን ወጣች፣ ጉልበቷን እያሸች፤
ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል እንደተኛ
ከበር ጠባቂው ሰማች፣ ቁልፉን ተቀበለች።

በሶብላው ጠውልጎ አንገቱን ደፍቷል፤
መዳፏን ብታሳልፍበት ሽታው አልሞተም፣ ገና ያውዳል።
ባልዲ ሙሉ ውሃ አፈሰሰችበት።
ከታች፣ ገመዱ ላይ፣ የገዛ አንሶላዋ
ጠብ... ጠብ... ሲልበት ሰማች በጆሮዋ።

«ዝናብ ነው» አለች።